ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ፦ በሦስት ቃላት አተረጓጎምና አፈታት ላይ የቀረበ ሒስ

በአማርኛ የፖለቲካ ቃላት መካከል «ብሔር»፣ «ብሔረሰብ» እና «ሕዝብ» የሚባሉትን ያህል በሕግ፣ በዜናና በሸንጎ ዘወትር የሚነገሩ፣ ያንኑም ያህል ሳይፈቱ የቀሩ ቃላት ማግኘት ያስቸግራል። ፈቺው አንዱን በሌላው ይፈታዋል፤ ተርጓሚው አንዱን በሌላው ይለውጠዋል፤ ተናጋሪው ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ ያልፋል። ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀስ ብለን ብንመረምረው የሚጎዳ አልነበረም። ዳሩ ግን አንድ ማኅበረሰብ ዞን ወይም ልዩ ወረዳ የሚፈቀድለት፣ አንድ ገበሬ በተወለደበት ቀዬ «ነባር» ወይም «መጤ» የሚባለው፣ አስተርጓሚም የምስክርን ቃል ለዳኛ የሚያደርሰው በእነዚሁ ቃላትና በዘመዶቻቸው ነው። ስለዚህ የቃላቱን አመጣጥና አተረጓጎም እንመረምራለን፤ መንቀፍ የሚገባንንም እንነቅፋለን።

ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የወሰድነው ከሰሜን ሸዋና ከአጎራባቾቹ ነው። ከደብረ ብርሃን ደጋ ወደ አንኮበር አፋፍ፣ ከዚያም ወደ አልዩ አምባ ቆላ በሚወርደው አጭር መንገድ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ለዘመናት ተገናኝተዋል። የስያሜን ጉድለት ፈጥኖ የሚያጋልጠው እንዲህ ያለው የመገናኛ ሥፍራ ነው።

ከሥርወ ቃሉ እንነሣ። «ብሔር» በግዕዝ ሥፍራ፣ ምድር፣ አገር፣ አውራጃ ማለት ነው። ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት የሰጠውም ፍች ይኸው ነው። «ብሔረ ሕያዋን»፣ «ብሔረ ብፁዓን» ሲባል የሚጠራው ሥፍራ ነው እንጂ ወገን አይደለም። «እግዚአብሔር» የሚለውም ስም የብሔር ጌታ፣ ማለት የዓለም ገዢ ተብሎ ይፈታል። ግዕዙ የአገርን ሰው ለመጥራት ሲፈልግ «ሰብአ ብሔር» ወይም «ሰብአ ሀገር» ይላል፤ ባለቤቱ ከኋላ፣ የተዘረፈው ስም ከፊት ይሆናል።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ የግዕዝ መምህራን «ብሔረሰብ» የተገለበጠ ቃል ነው ይላሉ። በዘርፍ አያያዝ ሕግ «ብሔረ ሰብእ» የሰው አገር ማለት እንጂ የአገር ሰው ማለት ሊሆን አይችልምና። ነቀፌታው በግዕዝ ሰዋስው ሚዛን ትክክል ነው፤ ለአማርኛ ግን አይሠራም። አማርኛ «ቤተሰብ» ሲል የሰውን ቤት ሳይሆን የቤቱን ሰዎች ይጠራል። ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላታቸው «በካህናትና በሀገረ ሰብ ቋንቋ» የተጻፈ መሆኑን በርእሱ ሲያስታውቁ፣ «ሀገረ ሰብ» ያሉት የአገሩን ሰው ነው። አማርኛ ከግዕዝ የወሰደውን ዘርፍ በራሱ መንገድ ያስኬዳል። እንግዲህ «ብሔረሰብ» የሚነቀፍ ከሆነ በአገባቡ ሳይሆን በተሸከመው ፍች መነቀፍ አለበት።

ይህ ፍች ከየት መጣ? ከአብዮቱ በፊት የነበሩት ተርጓሚዎች ዛሬ «ብሔር» የምንለውን የአውሮፓ ቃል ሲያገኙ «ብሔር» አላሉትም። በጄኔቭ የነበረውን ማኅበር «የመንግሥታት ማኅበር»፣ በኒው ዮርክ ያለውንም «የተባበሩት መንግሥታት» ብለው ሰየሙ። ትርጉማቸው ከቃሉ ቢርቅም ከነገሩ አልራቀም፤ በሁለቱም አዳራሾች ወንበር የያዙት መንግሥታት ናቸውና። ቅጽሉን ግን «ብሔራዊ» አሉት፤ «ብሔራዊ መዝሙር»፣ «ብሔራዊ ባንክ»፣ «ብሔራዊ ቴያትር» እንዲሉ። በዚህ አነጋገር «ብሔራዊ» ማለት የመላው አገር ማለት ነው፤ ከግዕዙም ፍች ጋር አይጣላም።

ስሙ ከቅጽሉ ተለይቶ በሌላ መንገድ የሄደው በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ነው። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መጽሔት ላይ ያወጣው የታወቀ ጽሑፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ይህን መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊያስተውለው ይገባል። በኢትዮጵያ የብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ብዙ ያነጋገረው ጽሑፍ የራሱ የአማርኛ ስያሜ ሳይኖረው ተወለደ፤ ስያሜው ከኋላ ተፈልጎ መጣ። የተፈለገውም በሩሲያ መደርደሪያ ላይ ነበር። የሶቭየት ሊቃውንት የሰውን ማኅበር እንደ ደረጃው ሲከፍሉ ለጥንቱ የጋርዮሽ ሥርዐት «ፕሌሚያ»፣ ለባሪያ አሳዳሪውና ለፊውዳሉ ዘመን «ናሮድኖስት»፣ ለካፒታሊዝም ዘመን «ናትሲያ» ይሉ ነበር። ከብዙ መንገራገር በኋላ የመጀመሪያው «ነገድ» ወይም «ጎሣ»፣ ሁለተኛው «ብሔረሰብ»፣ ሦስተኛው «ብሔር» ሆነ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የታወጀው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የብሔረሰቦችን መብት ሲያውጅ፣ በ1975 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ሲቋቋም፣ በ1979 ዓ.ም. የወጣውም ሕገ መንግሥት ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ሲናገር፣ ሁሉም «ብሔረሰብ»ን መረጡ። ምርጫው ድንገተኛ አልነበረም። በደረጃው ሕግ «ብሔር» የተባለ የራሱን መንግሥት እስከ ማቆም ይጠይቃል፤ «ብሔረሰብ» ግን ገና በመንገድ ላይ ያለ ነው። የወታደራዊው መንግሥት ጸሐፊዎች ይህን ልዩነት ያውቁ ነበር ብንል አንሳሳትም።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሦስቱንም ቃላት በአንድነት ከመግቢያው አሰለፋቸው፤ በአንቀጽ 8 ሉዓላዊ ሥልጣንን ሰጣቸው፤ በአንቀጽ 39 ንኡስ አንቀጽ 5 ደግሞ ለሦስቱ አንድ ፍች ደነገገላቸው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነቀፌታ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቃላት አንድ ፍች ካላቸው ሁለቱ ትርፍ ናቸው፤ ሦስት ነገሮችን የሚጠሩ ከሆነ ደግሞ ሦስት ፍች ያስፈልጋቸዋል። አርቃቂዎቹ ከሁለቱ አንዱንም አላደረጉም። ደረጃውን ከነስሙ ወርሰው የደረጃውን ትርጉም ጣሉት።

ፍቹንም ከምንጩ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 ብሔርን ሲፈታ በታሪክ ሂደት የተገነባ ጽኑዕ ማኅበር መሆኑን፣ የጋራ ቋንቋን፣ የጋራ ምድርን፣ የጋራ የኢኮኖሚ ኑሮንና በባህል የሚገለጥ የጋራ ሥነ ልቡናን ጠይቆ ነበር። የእኛው አንቀጽ ቋንቋውን፣ ምድሩንና ሥነ ልቡናውን አስቀርቷል፤ የኢኮኖሚ ኑሮንና የታሪክን ሂደት ግን ትቷል፤ በምትካቸው የማኅበረሰቡን እምነት አስገብቷል። ለውጡ መልካም ነው፤ ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደሚያምን መጠየቅ ከአዋቂ መሥፈርት ይሻላልና። ነገር ግን ያ እምነት ስለ ምን የሚያምን ነው? የአማርኛው ጽሑፍ በዚህ ቦታ የጋራ ወይም የተዛመደ «ሕልውና»ን ይናገራል። በአንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩባቸውን መሠረቶች ሲዘረዝር ግን «ማንነት» ይላል። የእንግሊዝኛው ቅጂ በሁለቱም ሥፍራ አንድ ቃል ነው። «ሕልውና» መኖር ነው፤ «ማንነት» ግን ማን መሆን ነው። ሕልውናው የተዛመደ ነው ብሎ የሚያምንና ማንነቱ አንድ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ዐይነት ሰው አይደለም። የአንኮበር ደገኛና የአልዩ አምባ ቆለኛ ሕልውናቸው በገበያ፣ በውሃና በጋብቻ የተዛመደ መሆኑን ሁለቱም ይመሰክራሉ፤ ማንነታቸውን ሲጠየቁ ግን ሁለት መልስ ይሰጣሉ። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ስለሆነ፣ ይህ የተርጓሚ ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሕጉ የሚለው «ሕልውና» ነው።

በፍቹ እኩል የተደረጉት ቃላት በአስተዳደር አጠቃቀም እኩል ሆነው አልቀሩም። በአማራ ክልል የከሚሴው ዞን «የኦሮሞ ብሔረሰብ»፣ የእንጅባራው «የአዊ ብሔረሰብ»፣ የሰቆጣው «የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ» አስተዳደር ተብለው ተሰየሙ። ስለዚህ በኦሮሚያ «ብሔር» የሚባለው ሕዝብ ከሰንበቴና ከጅሌ ጥሙጋ ላይ ሲደርስ «ብሔረሰብ» ይሆናል። ቋንቋው አልተለወጠም፤ ባህሉም ያው ነው፤ የተለወጠው በክልሉ ውስጥ ያለው ቁጥርና ሥልጣን ነው። እንግዲህ በተግባር «ብሔር» ማለት በስሙ ክልል ያለው፣ «ብሔረሰብ» ማለት በሌላው ክልል ውስጥ የሚኖር ሆነ። ይህን ፍች በየትኛውም አንቀጽ አናገኘውም፤ ነገር ግን መዝገበ ቃላት የሚሰበስበው የሚነገረውን ስለሆነ ሊመዘግበው ይገባል።

እንዲህ ያለው የቃል ደረጃ ወዴት እንደሚያደርስ ከእኛ አስቀድማ ያየች ዩጎስላቪያ ናት። እ.ኤ.አ. የ1974 ሕገ መንግሥቷ «ናሮድ»ንና «ናሮድኖስት»ን ለይቶ ነበር። ሰርቦች፣ ክሮአቶች፣ ስሎቬኖች፣ መቄዶንያውያን፣ ሞንቴኔግሮዎችና ሙስሊሞች «ናሮድ» ነበሩ፤ አልባንያውያንና ሀንጋርያውያን «ናሮድኖስት»። አልባንያውያኑ በቁጥር ከሞንቴኔግሮዎች ይበልጡ ነበር፤ ሪፐብሊክ የነበራቸው ግን ሞንቴኔግሮዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 በኮሶቮ የተነሣው ሰልፍ ዋና ጥያቄ ሪፐብሊክ እንሁን የሚል ነበር፤ በሌላ አነጋገር ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እንሻገር ማለት ነው። በዚያው አገር «ሙስሊም» የሚለው ቃል በትልቅ ፊደል ሲጻፍ ብሔርን፣ በትንሽ ፊደል ሲጻፍ ሃይማኖትን ያመለክት ነበር። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ቢያንስ ከዚህ ድነናል።

የቅጽሉም ነገር አልተፈታም። አንድ የደብረ ብርሃን ተማሪ «ብሔራዊ ፈተና» ሲቀመጥ «ብሔራዊ» የመላው ኢትዮጵያ ማለት ነው። በትምህርት ቢሮው ደብዳቤ ራስጌ ላይ «የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት» የሚለውን ሲያነብ ግን «ብሔራዊ» የአንዱ ብሔር ማለት ይሆናል፤ ወይም ቢያንስ እንደዚያ ሆኖ ይነበባል። ልጁ ሁለቱን ፍቾች ያለ መምህር ይለያቸዋል፤ ወደ ውጭ ቋንቋ የሚተረጉመው ሰው ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቶ አንባቢውን ያሳስታል። «ሕዝብ»ም በብዙ ቁጥር ሌላ ይሆናል። የ1960ዎቹ ትውልድ ያቋቋመው ኢሕአፓ በስሙ ውስጥ «ሕዝብ»ን በነጠላ አኖረው፤ በ1983 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው ኢሕአዴግ «ሕዝቦች» አለ። በሁለቱ ድርጅቶች መካከል ያለውን የአስተሳሰብ ርቀት ከዚህች የብዙ ቁጥር ምልክት አሳጥሮ የሚናገር የለም።

ወደ አንኮበር እንመለስ። ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1841 ከእንግሊዝ መልክተኛ ከሃሪስ ጋር ውል ሲዋዋል ራሱን የሸዋ፣ የይፋትና የኦሮሞ ንጉሥ አድርጎ ነበር። የውሉ ጽሑፍ ኦሮሞን የጠራው በዚያን ዘመን መጻሕፍት ሁሉ በነበረው፣ ባለቤቶቹ ስድብ ነው ብለው በተዉት ስም ነው። በዚህ መጠሪያ ውስጥ ሁለቱ የምድር ስሞች ናቸው፤ አንዱ የሰው ስም ነው። ንጉሡ እነዚህን በአንድ ተራ ሲደረድር ልዩነት አልታየውም፤ ግዛት የሚባለው ምድርም ሰውም ነበርና። በዚያው ጊዜ በአንኮበር የነበረው ክራፍ ከእ.ኤ.አ. 1839 እስከ 1842 ተቀምጦ የኦሮምኛን ሰዋስውና ቃላት ሰበሰበ፤ ወንጌልንም መተርጐም ጀመረ። ባልደረባው ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1841 በለንደን አሳተመ። የሁለቱ ቋንቋዎች ዘመናዊ መዝገበ ቃላት ከአንድ የሸዋ አምባ ሥር መነሣታቸውን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

የሰሜን ሸዋ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ በልማድ የሚመልሰው በአገሩ ስም ነው፤ መንዜ፣ ተጉለቴ፣ ቡልጌ፣ የይፋት ሰው፣ አንኮበሬ። «አማራ» የሚለው ቃል በብዙ ቦታ ክርስቲያን ለማለት ይነገር እንደ ነበር የቋንቋና የታሪክ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በዚህ አነጋገር ከአንኮበር በታች ያለው አርጎባ «አማራ» ያልሆነው በሃይማኖቱ ነበር፤ በቋንቋ አልነበረም። የአርጎባ ነገር ለፍቻችን ከባድ ፈተና ነው። አርጎብኛ ለአማርኛ እጅግ የቀረበ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ ከተናጋሪዎቹም ወገን ብዙዎች አማርኛን ወይም ኦሮምኛን አፍ መፍቻ አድርገዋል። አርጎባነታቸውን ግን አልተዉም። መሬታቸውም የተያያዘ አይደለም፤ በአማራ ክልልም በአፋር ክልልም የአርጎባ ልዩ ወረዳ አለ፤ በአልዩ አምባ ዙሪያ ያሉት ደግሞ በአንኮበር ወረዳ ውስጥ ይኖራሉ። የጋራ ቋንቋውና የተያያዘው መልክዐ ምድር ሲጐድሉ የቀረው የማኅበረሰቡ እምነት ብቻ ነው። ማንም አርጎባ ብሔረሰብ አይደለም አላለም፤ ስለዚህ በተግባር የሚሠራው መሥፈርት ያ አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. በድምፅ ከጉራጌ የተለየ መሆኑን ሲያረጋግጥም የወሰነው ይኸው እምነት ነበር።

የእኛ ሙያ በዚህ ጉዳይ ዳር ቆሞ ተመልካች ብቻ አለመሆኑን የሚያሳስብ አንድ የታወቀ ነገር እንጨምር። ወላይትኛ፣ ጋምኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ በጣም የተቀራረቡ ናቸው በሚል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቃላታቸው ተቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የሚባል የመማሪያ ቋንቋ ተሠራ። ስሙ ራሱ የአራቱ ስሞች መነሻ ፊደላት ነው። በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ከተማ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰው ሞተ፤ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ወላይታም የራሱን ዞን አገኘ። በቃላት ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ የተወሰነ ነገር እስከዚህ ይደርሳል።

ለብዙ ዓመታት በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። እናቱ ከጅሌ፣ አባቱ ከመንዝ የሆነ ሰው በዚያ መስመር ላይ አንዱን ጽፎ ሌላውን መተው ነበረበት፤ መስመሩ የሚይዘው አንድ ቃል ነውና። ሩዋንዳን ማንሣት የሚገባን እዚህ ላይ ነው፤ ሆኖም ማስፈራሪያ እናድርጋት ማለታችን አይደለም፤ ቃሉ ስለሚያስተምር ነው። በኪንያርዋንዳ «ኡብዎኮ» ማለት ዐይነት፣ በሰውም ሲነገር ሁቱውንም ቱትሲውንም በአንድነት የሚይዝ የዘመድ ጎሣ ማለት ነበር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የቤልጅግ አስተዳደር መታወቂያ ሲያድል በዚህ ቃል ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ የሚለውን አስገባበት። የቃሉ አሮጌ ፍች ሁለቱን ያገናኝ ነበር፤ አዲሱ ለያቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኬላዎች ላይ መታወቂያ የሚጠይቁት ሰዎች ያነቡት የነበረው ይህን መስመር ነው። የእኛም «ጎሣ» በኦሮምኛ «ጎሰ»፣ እንዲሁ ዐይነትም ወገንም ማለት ነው። በአማርኛ ግን ዐይነትነቱ ጠፍቶ ወገንነቱ ብቻ ቀርቷል፤ «የጎሣ ፖለቲካ» ሲባል ደግሞ ነቀፌታም ተጨምሮበታል። አንድ ወገን ራሱን «ብሔር» ሲል ሌላው «ጎሠኛ» ይለዋል፤ የሚጠራው ነገር አንድ ሲሆን ቃሉ የተናጋሪውን አሰላለፍ ይናገራል። መዝገበ ቃላት ይህን ምልክት ሳያደርግ ሁለቱን እንደ ተመሳሳይ ቃላት ቢያስቀምጥ አንባቢውን ያሳስታል።

በኤፍራታና ግድም፣ በአጣዬና በካራቆሬ፣ በከሚሴ ዞንም አጎራባች ወረዳዎች በመጋቢት 2011፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013፣ እንደገናም በጥር 2015 ዓ.ም. ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞቷል፤ በ2013 የአጣዬ ከተማ ብዙ ክፍል ተቃጥሏል። የዚህን ግጭት ምክንያት ከቃል አናመነጨውም። የታጠቁ ኃይሎች፣ የአስተዳደር ወሰን፣ መሬትና ግጦሽ፣ ከላይ የሚመጣ የፖለቲካ ሽኩቻ ሁሉ በውስጡ አሉበት፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነም ሁለቱ ወገኖች ሁለት ነገር ይናገራሉ። እኛን የሚመለከተን ነገሩ የተዘገበበት አማርኛ ነው። ዘገባዎቹ በብዛት «ማንነትን መሠረት ያደረገ ጥቃት» ይላሉ። ሐረጉ የማንን ማንነት እንደሆነ አይናገርም፤ ማን አጠቃ፣ ማን ተጠቃ የሚለውም በውስጡ የለም። ጨዋ መስሎ የሚሸሽ አነጋገር ነው። ተርጓሚው ወደ ሌላ ቋንቋ ሲወስደው ያልተነገረውን ሊጨምርበት ይገደዳል፤ ሲጨምርም ወገን ይይዛል።

የታጣቂዎቹም ስም እንዲሁ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2013 ዓ.ም. በአሸባሪነት የፈረጀው ድርጅት በውሳኔው «ሸኔ» ተብሏል፤ ድርጅቱ ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ይላል። «ሸን» በኦሮምኛ አምስት ነው፤ «ሸኔ» የቀድሞ ድርጅት የአመራር ጉባኤ መጠሪያ ነበር። አስተርጓሚው ምስክሩ ያለውን ቃል እንዳለ ማድረስ አለበት፤ «ሸኔ» ያለውን «ሠራዊት»፣ «ሠራዊት» ያለውንም «ሸኔ» ማድረግ ምስክርነቱን መለወጥ ነው። በየቀበሌው ማስታወቂያ የሚነገረው «ፀጉረ ልውጥ» ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ያማረ የአማርኛ ጥምር ነው፤ እንግዳን ያለ ስም ይጠራል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ትእዛዝ ይሰጣል፦ የማታውቀውን ጠርጥር፣ በመልኩም ለየው። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ የገቡት ሰዎች በለቀቁት አገር «መጤ» ተብለዋል፤ በዚህኛው አገር ፀጉረ ልውጥ ሆነው ይታዩ እንደሆነ መጠየቅ ለሚሰማው ሁሉ የቀረበ ነው። «መጤ» ግሡ «መጣ» ነው፤ ጊዜውን ግን አይናገርም። አያቱ የመጣውም ትናንት የመጣውም አንድ ቃል ይሸፍናቸዋል፤ የቃሉ ጉዳትም ከዚህ ነው።

«ዘር» ላይ እናብቃ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1949 የዘር ማጥፋትን ወንጀል የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ካጸደቁት ሁሉ ቀዳሚ ነበረች። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ከዓለም አቀፉ ስምምነት ሰፍተው የፖለቲካ ቡድንንም ጨምረዋል። በዚህ መሠረት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በቀይ ሽብር ጊዜ ስለተፈጸመው ግድያ በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ። ከተገደሉት ብዙዎቹ የተገደሉት በዘራቸው ሳይሆን በድርጅታቸው ነው። ውሳኔው ከሕጉ ጋር ይስማማል፤ አማርኛው ግን ከውሳኔው ጋር አይስማማም። «ዘር» የሚዘራ ነው፤ ትውልድ ነው፤ ፓርቲ ዘር አይደለም። ሰሚው «ዘር ማጥፋት» የሚለውን ሲሰማ የአንድ ብሔር እልቂት ብቻ ይመጣበታል። በሌላ በኩል ብሔርን መሠረት ያደረገ ማናቸውም ግድያ ሁሉ በአደባባይ ንግግር «ዘር ማጥፋት» መባሉ ሕጉ የሚጠይቀውን የማጥፋት ሐሳብ ያስረሳል። ቃሉ በአንድ ወገን ጠቧል፤ በሌላው ሰፍቷል። «ወገን ማጥፋት» ቢባል ይሻል ነበር ብለን እናምናለን፤ «ወገን» ትውልድንም፣ ሃይማኖትንም፣ የፖለቲካ ማኅበርንም ይይዛልና። ሕግ ላይ የቆመን ቃል ማንሣት ከባድ መሆኑን ሳንዘነጋ ነው ይህን የምናቀርበው።

ለሚዘጋጀው መዝገበ ቃላት የምናቀርበው ሐሳብ ጥቂት ነው። «ብሔር» በአንድ መግቢያ ሥር ሦስት ፍች ይሰጠው፤ የግዕዙ ሥፍራ፣ የአብዮቱ ዘመን የደረጃ ስያሜና ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የሕግ ቃል በየዘመናቸው ይለዩ። «ብሔረሰብ» በሕግ ከ«ብሔር» ጋር አንድ ፍች ያለው መሆኑ ይጻፍ፤ በአስተዳደር አጠቃቀም ክልል የሌለውን የሚያመለክት መሆኑም ከሥሩ ይጨመር። «ብሔራዊ» ለሁለት ይከፈል። «ጎሠኛ»፣ «ዘረኛ»፣ «መጤ» እና «ፀጉረ ልውጥ» የነቀፌታ ምልክት ይደረግባቸው። ሕዝቦች በሌሎች የተጠሩባቸውና ራሳቸው ያልተቀበሏቸው አሮጌ ስሞች ከመዝገቡ አይፋቁ፤ የድሮ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ያስፈልጉታልና፤ ግን የስድብ ምልክት ይኑራቸው፤ ፍቻቸውም ወደ ትክክለኛው ስም ብቻ ያመልክት።

በመጨረሻም የሥፍራ መጠሪያዎቹ፣ እነ መንዜ፣ ተጉለቴ፣ ቡልጌና አንኮበሬ፣ በቃል ሰብሳቢዎች ዝርዝር ውስጥ ቦታ ያግኙ። በደብረ ብርሃንና በአልዩ አምባ ገበያ የሚሰበስቡት ባልደረቦች «አገርህ የት ነው» እና «ብሔርህ ምንድን ነው» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ለየብቻ ይጠይቁ፤ መልሶቹንም በየራሳቸው ወረቀት ላይ ይመዝግቡ።